የባሌን ፈረስ ሊነጥቀኝ የመጣ የመሰለኝ ቃል

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቆሞ መናገር ስለማይሆንልኝ ጌታ ያደረገልኝን ቤቴ ቁጭ ብዬ ጽፌዋለሁ። ቀስ እያልኩ ላንብብላችሁ።

ባሌ የጦር ሰው ነበር። ከአዳማ እስከ አዳሚ ቱሉ የሚያውቁት በፈረሱ ስም አባ ገስግስ እያሉ ነው። በለቅሶው ቀን ፈረሱ ገስግስ ኮርቻው ተጭኖ፣ ጋሻና ጦር ተንጠልጥሎበት በአልቃሹ መካከል ተጎትቶ ዞረ። ከዚያ ወዲህ እሱን ሳይ ባሌን ያየሁ ይመስለኝ ነበር። እኔ ቆሎ እየቆረጠምኩ እሱን ገብስ አበላው ነበር።

የባሌ ወንድም በየነ መጣና ፈረሱን ሰጥቼው ጥንድ በሬ እንድወስድ ለመነኝ። የመልካሳው መሬታችን ጦም ካደረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ዘንድሮም ካልታረሰ ለሌላ ይሰጥብሻል አለኝ። አላመንኩትም። በፈረሱ የወንድሙን ስም ሊወርስ ነው አልኩ።

በዚያው ሳምንት ከባቡር የወረደ ገመቹ የሚባል መጽሐፍ አዟሪ ደጄ ቆመ። ፊደል መቁጠሬን ሲሰማ ከመዝሙረ ዳዊት አነበበልኝ፤ ፈረስ ጉልበቱ ቢበዛም ሰውን አያድንም የሚለውን። ደሜ ፈላ። ከዚያ ሁሉ ቃል ይህን መርጦ?

“በየነ ምን ሊሰጥህ ነው?” አልኩት።

“በየነ ማን ነው? እሜቴ፣ እኔን እስካሁን ውሻ እንጂ ሰው አልተቀበለኝም” አለና ሳቀ።

መጽሐፍ ቅዱሱን ትቶልኝ እንዲሄድ ጠየቅሁት፤ ውሸቱን ላገኝበት። ሦስት ቀን ጣቴን ከመስመር መስመር እየጎተትኩ አነበብኩ። ንጉሥ ፈረስ አያብዛ የሚለውን፣ የግብጽ ፈረሰኞች ባሕር ውስጥ የቀሩበትን፣ አልወደድኳቸውምና ዘለልኳቸው። በኋላ እግዚአብሔር ራሱ ለኢዮብ ስለ ጦር ፈረስ ሲናገር አገኘሁ። በፍርሃት ላይ የሚስቅ፣ ጦርነትን ከሩቅ የሚያሸት። ገስግስን ነበር ያየሁት፤ አለቀስኩ።

ገመቹ ሲመለስ ገጹን ከፍቼ ጠበቅሁት። “እግዚአብሔር ያደነቀውን አንተ ትንቃለህ?”

“አልናቅሁም እሜቴ። የእጁ ሥራ ነው፣ ቢያደንቀው ምን ይገርማል። አዳኝ ነው ግን አላለውም።”

“ባሌን ከሦስት ጦርነት ማን አወጣው? አዋሽ በረሃ ንዳድ ሲጥለውስ ቤቱ ድረስ ያመጣው ማን ነው?”

“በሕይወት አመጣቸው?” አለኝ።

ወደ በረቱ ዞርኩ። ገስግስ የዚያን ቀን በላብ ታጥቦ ነው የገባው፤ ያለውን ጉልበት ሁሉ ሰጥቷል። ባሌ ግን ከኮርቻው ሲወርድ በድን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ “ፈረሱ አመጣልኝ” ስል ይህን አስቀርቼ ነበር። እዚያው በረቱ ደጃፍ ተንበረከክሁ፤ “ጌታ ሆይ፣ የምደገፈው የለኝም” አልኩ። ደገፈኝ። ስሙ ይባረክ!

በማግስቱ በየነን ጠርቼ ሰውየውን አንተ ነህ የላክኸው አልኩት። በልጆቹ ምሎ አላውቀውም አለ። እውነቱን ልናገር፣ ያመንኩት ግማሹን ነው። ፈረሱን ግን ሰጥቼ በሬዎቹን ወሰድኩ። መሬቴ ዘንድሮ ጤፍ ይዟል፤ ክብር ለጌታ ይሁን።

ከእናንተ መካከል እንደ እኔ ጠርጣራ ካለ አይፈር። ገመቹን አትመኑ፣ እኔንም አትመኑኝ። መጽሐፉን ውሰዱና ጌታን መርምሩት። እኔ ጥፋት ልፈልግበት ገብቼ አጣሁበት።