የአዳም አፈር ከየት ይምጣ?

ቴአትሩን የጻፍነው ቁስቋም ሰፈር፣ እኛ ግቢ ውስጥ ከአባቴ የንብ ቀፎዎች አጠገብ ተቀምጠን ነው፤ እኔና ጓደኛዬ። ጎረቤቴ ነበር። አብረን ፊደል ቆጥረን፣ አብረን የከተማውን የቴአትር ክበብ ተቀላቀልን። እናቱ የሞተች ጊዜ እኛ ቤት ነው የከረመው፤ አባቴ ከኔ ለይቶ አያየውም።

ሐሳቡ የሁለታችን ነበር። እግዚአብሔር አዳምን ሊፈጥር አፈር እንዲያመጡ መላእክቱን ይልካቸዋል። እነሱ ግን እያንዳንዳቸው የየመንደራቸውን አፈር ዘግነው ይመጡና ይከራከራሉ። አንዱ «የሳንጃ አፈር ሰሊጥ ያበቅላል» ይላል፤ ሌላው «የደባርቅ አፈር ብርድ ይችላል» ይላል። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ስብሰባው አያልቅም። በመጨረሻ አዳም ከሁሉም ተቀላቅሎ ይሠራል፤ ሊራመድ ሲነሣ ግን ቀኝ እግሩ ግራውን «አንተ መጤ ነህ» ብሎ አልንቀሳቀስም ይላል።

የእግሮቹን ጠብ እሱ ጻፈ። የመላእክቱን ክርክርና የሔዋንን ንግግር እኔ ጻፍኩ። መድረክ ላይም እሱ አዳምን፣ እኔ ሔዋንን ሆነን ተጫወትን።

የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እግሮቹ ሲጣሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከወደኋላ ግን ተነሥተው የወጡ ነበሩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የክበቡ ኃላፊ ቢሮው አስጠራን። የማናውቃቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ነጠላ የለበሱት ሽማግሌ፣ «የፈጣሪ ሥራ መቀለጃ አይደለም» አሉ። ኮት የለበሰው ደግሞ፣ «ሕዝብን ከሕዝብ የሚያጋጭ ነው» አለና፣ «ማን ነው የጻፈው?» ብሎ ጠየቀ።

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ጫማውን ያያል።

«እኔ ተዋናይ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «የተሰጠኝን ነው የተጫወትኩት። የጻፈችው እሷ ናት።»

«የእግሮቹንም?»

«ሁሉንም።»

«እውነት ነው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አዎ» አልኩ። አዎ ስል እንኳ ያቋርጠኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላቋረጠኝም።

ቴአትሩ ታገደ፤ እኔም ከክበቡ ተሰናበትኩ። እሱ ግን እዚያው ቀረ። ውጭ ተከትሎኝ መጣና፣ «አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ የእንጀራሽ ነገር አያሳስብሽም። እኔ ከዚህ ሌላ ምን አለኝ?» አለኝ።

«ምነው አስቀድመህ ብትነግረኝ? እሺ እልህ ነበር እኮ» አልኩት።

ትቼው ሄድኩ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ወሬው ደብሩ ደርሶ እንደሚሆንና እንደሚቆጣኝ እያሰብኩ ቤት ገባሁ። ቀፎዎቹ ዘንድ ነበር፤ ዞር ብሎ አየኝ።

«የእግሮቹን ነገር የጻፈው እሱ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። «ስታነቡ እዚህ ሆኜ እሰማ ነበር። ብቻዬን እስቅ ነበር።»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ?»

«ካደኝ፣ አባዬ።»

ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ልጅ ስም ከአፉ ሰምቼ አላውቅም፤ ልጁ ለበዓል ቤታችን ሲመጣም አባቴ ሰላምታውን ተቀብሎ ወደ ጓዳ ይገባ ነበር። በኋላ ልጁ መምጣቱንም ተወው።

ቆይቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ባልደረባዬ ስልኳን ዘርግታ፣ «ይሄን አይተሽዋል? በጣም ያስቃል» አለችኝ። የኛው ቴአትር ነበር። ከርእሱ በታች «ደራሲ» ተብሎ የሱ ስም ብቻ ተጽፏል። የማላውቃት ወጣት ሔዋንን ሆና እኔ የጻፍኩትን ንግግር አንድ ቃል ሳታጎድል ትናገራለች። ጎበዝ ናት። በጥሞና አዳመጥኳት፤ ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብላት ስልኩን ለባልደረባዬ መለስኩላት።

«ሸጋ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ሸጋ ነው» አልኳት።

ያቺው ባልደረባዬ ሰሞኑን አንድ የቴአትር ሐሳብ መጣልኝ ብላ ነገረችኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ስታወራው እኔም ውስጤ አንዳንድ ነገር መጨመር ጀምሮ ነበር። «አብረን እንጻፈው» ስትለኝ ግን ጊዜ የለኝም አልኳት።