ባቄላ ለሰላም፣ አተር ለዱላ

ከአርብ ገበያ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ፣ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ስለ ዱላ የሚነጋገሩበትን ሥልጠና እንድመራ የተላክሁት እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ ገና ያላገባሁ ወጣት ሴት ነበርሁ። አሥራ ሁለቱ ጥንዶች ይህን በመጀመሪያው ቀን አጣርተው ስላወቁ፣ ምክሬን ዋና የማይችል ሰው ስለ ወንዝ ሲያወራ እንደሚሰሙ ሆነው ይሰሙኝ ነበር።

ሥልጠናው የሚጀመረው ቅጽ በመሙላት ነው። ባለፈው ዓመት ሚስትህን መትተሃል ወይ ይላል። ወንዶቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ ማንም አልመታም። ሴቶቹን ለየብቻ ጠየቅሁ፤ ማንም አልተመታችም። አንዷ እንዲያውም የግንባሯን ጠባሳ በሻሿ እየሸፈነች ነው «ኧረ የለም» ያለችኝ። በቅጹ መሠረት ያ ቀበሌ ገነት ነበር።

ከወንዶቹ መካከል ንግግር የሚያውቅ አንድ ጎልማሳ ገበሬ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ተነሥቶ፣ ሴት የቤት ምሰሶ እንደሆነች፣ ምሰሶውን የሚመታ ሰው ጣራው በራሱ ላይ እንደሚወድቅበት አስረዳ። እኔ ራሴ ማስታወሻ ያዝሁ። ሚስቱ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ስንበተን ጠጋ አልኋት። ስትስቅ ነበር።

«እዚያ ሲናገር ሌላ ባል ያገባሁ መሰለኝ» አለችኝ። «ቤት ስንገባ ያው የድሮው ነው።»

ቀጥላም ወንዶቹን መጠየቄን ትቼ ሴቶቹን እንድጠይቅ፣ ግን በአፋቸው እንዲናገሩ እንዳላስገድዳቸው መከረችኝ። ዘዴውንም ያመጣችው እሷው ናት። በየሳምንቱ እያንዳንዷ ሴት አንድ ባቄላና አንድ አተር በጭብጧ ይዛ ትመጣለች። ሳምንቱ በሰላም ካለፈ ባቄላውን፣ ባሏ እጁን ካነሣ አተሩን በነጠላዋ ሥር ደብቃ በየተራ በሚዞር ቅል ውስጥ ትጨምራለች። የማን የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ቅሉን መጀመሪያ ሰፌድ ላይ ስገለብጠው ዘጠኝ አተርና ሦስት ባቄላ ወጣ። ንግግር አዋቂው ተነሥቶ ሴቶቹ ጥያቄው እንዳልገባቸው ተናገረ።

በብልሃታችን እየተደሰትሁ መንገድ ጀመርሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ ግን ያደረግሁት ታየኝ። አሥራ ሁለት ሴቶችን፣ «አንቺ የቱን ጣልሽ?» ብለው ከሚጠይቋቸው አሥራ ሁለት ወንዶች ጋር ወደ ቤት ሰድጃለሁ። ይህን አስቀድሜ አለማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል። በማግስቱ ማለዳ ተመልሼ ስሄድ ዘዴውን ያመጣችው ሴት ደጃፏ ላይ ገብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ጭንቀቴን ብነግራት እንደ ሕፃን አየችኝ። ሴቶቹ ቅሉን ከመንካታቸው በፊት መክረው ኖሯል። ባሎቻቸው ሲጠይቋቸው ሁሉም አንድ መልስ ነው የሰጡት፤ «የእኔማ ባቄላ ነው። የሌሎቹን ሴቶች መከራ ግን አየህልኝ?»

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለቱም ወንዶች እያንዳንዳቸው ከሦስቱ ደጋግ ባሎች አንዱ መሆናቸውን አምነው ይመጡ ጀመር። አንዱ ሌላውን በሐዘኔታ ያየዋል። ስብሰባውን በጸሎት የሚከፍቱልን ቄስ፣ የብዙዎቹ የንስሐ አባት፣ ምሥጢሩን ሳይሰሙ አልቀሩም፤ አንድ ቀን ትዕቢት ኃጢአት መሆኑን አስተምረው ሲያበቁ፣ ለጊዜው ግን በዚህ ጉዳይ እንደማይገሥጹ ተናገሩ። ወንድ ደግ ነህ ከተባለ በኋላ ከደግነቱ መውረድ ይከብደዋል መሰል፣ ባቄላው በየሳምንቱ እየበዛ ሄደ።

በስድስተኛው ሳምንት ንግግር አዋቂው ሚስቱን መታ። ከወፍጮ ቤት ስትዘገይ በሬው ማሳ ገብቶ ነበር። ክንዷን አንድ ጊዜ አግኝቷታል፤ ሊደግም ሲያነሣ ጎረቤቱ አጥር ዘሎ ዱላውን ያዘው። ይህ ጎረቤት በሥልጠናው አንድም ቀን ተናግሮ የማያውቅ ዓይን አፋር ሰው ነው።

«ለካ አተሩ አንተ ነህ» አለው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ንግግር አዋቂው ተነሣ። ስለ ምሰሶ አላወራም።

«መታኋት» አለ። «ከዚህ በፊትም መትቻታለሁ። ቅጹ ላይ ዋሽቻለሁ።»

ሚስቱ ይህን ጊዜ አፏን አልሸፈነችም፤ ቀጥ ብላ አየችው። የተሰጠኝ መምሪያ እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚባል አይልም፤ አጥፌ አስቀመጥሁት። ዓይን አፋሩ ጎረቤት መሬት መሬት እያየ እሱም መትቶ እንደሚያውቅ ተናገረ። ሌሎችም ተከተሉ። ከእንግዲህ ጩኸት የሰማ ሁሉ አጥር እንዲሻገር ተስማሙ።

የንግግር አዋቂው ሚስት ግን ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ባሏ ሁለት ሳምንት ንፍሮ እየበላ ከረመና ሽማግሌ ይዞ መጣ። የተመለሰችው ዱላው ጎረቤት ቤት እንዲቀመጥ አስምላ ነው። ሰውዬው ዛሬም ገበያ ሲወጣ ዱላውን ከጎረቤቱ ለምኖ ይወስዳል፤ ሲመለስም ያስረክባል።

ሁሉንም አዳንን አልልም። እስከ መጨረሻው ቀን ከቅሉ ሁለት አተር ይወጣ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ አተር ይጥሉ ከነበሩት ሴቶች አንደኛዋ ብቻዋን ቢሮዬ ድረስ መጣች። ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ፖሊስ ዘንድ አብሬያት ሄድሁ። አሁን ወገዳ ከተማ አጠገብ ከወንድሟ ጋር ትኖራለች።

ሥልጠናው ሲያበቃ ያንኑ ቅጽ እንደገና አስሞልቼ ነበር። ይህን ጊዜ አብዛኞቹ ወንዶች በዓመቱ ውስጥ መምታታቸውን አመኑ። አለቃዬ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስትጀምሪ ማንም አይመታም ነበር» አሉኝ። «አሠልጥነሽ አሠልጥነሽ ሁሉንም መቺ አደረግሻቸው?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። በመጨረሻ ምን ብለው እንደሚጽፉ ጠየቁኝ፤ ሰዎቹ እውነቱን መናገር ጀመሩ ብለው እንዲጽፉ ነገርኋቸው። ለዚህ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ ፈልገው ስላጡ፣ ገልብጠው ከጀርባው ጻፉት።