ጅግራዋ ሳትሞት ተደረሰባት

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ አዋሽ ዳር ያለውን ረግረግ አይቶ መጣና ሽመላው፣ ዳክዬው፣ ጅግራው እንዴት እንደሚያምር ሲያወራልኝ ዋለ። እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለው! እኔ የማውቀው ረግረግ ወፍ የሚረግፍበት ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ባሌ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወረድ ብሎ ባለ የጥጥ እርሻ ጸሐፊ ነበር፤ ቤታችንም ከረግረጉ አጠገብ። አውሮፕላን ጥጡ ላይ የትል መርዝ ረጭቶ በሄደ ማግስት ወፉ ሁሉ ውሃው ዳር ይንገዳገዳል። ሽመላውን ማን ይነካዋል! ጅግራውን ግን የካምፑ ሰው ቢላ ይዞ ይሻማበታል። ሞቶ የተገኘ በክት ነው፣ ይጣላል። ነፍሱ ሳትወጣ ከተደረሰበት በስመ አብ ተብሎ ይታረዳል፤ በቃ፣ ንጹሕ ሥጋ ነው። ምን ነክቶት ይንገዳገዳል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

እኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ የመጀመሪያዬ። ሥጋ አማረኝ። እርጉዝ አምሮቷ ካልወጣላት ጽንሱ ይጎዳል ይባላልና ባሌ አውሮፕላኑ በረጨ ማግስት ሮጦ አንድ ጅግራ ይዞልኝ መጣ።

«ዓይኗ እያየ ነው የደረስኩባት» አለ፣ ደስ ብሎት። እሱ አልቀመሰም። አምሮቱ ያንቺ ነው ብሎ ጉበቷን ሳይቀር ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም አጥንቷን ግጬ ጨረስኩ።

ሳይመሽ ላብ አጠመቀኝ፤ ምራቄ ተዝረከረከ፤ እጅ እግሬ ተንቀጠቀጠ። የእርሻው ክሊኒክ ድሬሰር «ወባ ነው» ብሎ ኪኒን ወረወረልኝ። በዚያው ሌሊት ልጄ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር፣ ጥፍሩ ሳይቀር የሞላ ልጅ።

«ሥጋው ነው! መርዙ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሊያስተዛዝኑኝ የመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። «ታርዶ የለም እንዴ? ምን ያደርጋል እሱ?» አሉ። አንዷማ አምሮቷ ዘግይቶ ስለደረሰላት ነው አለች፣ እዚያው ፊቴ ላይ። አፏን ያድርቀውና! ባሌም አቀርቅሮ እሷን ይሰማ ነበር፤ ሰምቶም አመነ።

ገና ከአልጋ ሳልነሳ አውሮፕላኑ ዳግመኛ መጣ። በማግስቱ ባሌ እያለከለከ ገባ፣ ሁለት ጅግራ አንጠልጥሎ።

«ብዪ፣ ደምሽ ይመለስ። የሚቀጥለው ልጅ እንኳ አምሮት እንዳይገድለው፣ ከእንግዲህ አላዘገይብሽም» አለኝ።

ከአልጋዬ ተነስቼ ነጠቅኩትና ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ወረወርኳቸው። ልጃችንን ሲቀብር እንባ ጠብ ያላለው ሰውዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ለሥጋው አለቀሰ።