ሦስት ሊትር ውሃ ለእናቴ ጸጉር

የእናቴን ጸጉር ማጠብ የጀመርኩት ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልነሳ ካላት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቀለሙን የምትቀባው ራሷ ነበረች፤ በሁለት ወር አንዴ፣ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆልፋ። እኔም እንደማላውቅ እሆን ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን በሩን ገርበብ አድርጋ «ና እስቲ፣ ከኋላ በኩል አይደርስልኝም» አለችኝ። ብሩሹን ተቀበልኳት። ስለ ክንዷ ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ናት። ልጆች ታበላለች፣ ታስተኛለች፣ ጫማቸውን ታስራለች። እኔ ስልክ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁና እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። የእናቴንም ጸጉር የያዝኩት እንደዚያው ነው። ጥቁሩ ቀለም ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ለምን ዝገት እንደሚመስል ማወቅ ፈለግሁ።

እናቴ ከማበጠሪያዋ የምታወጣውን ጸጉር አትጥልም። ሰው እጅ እንዳይገባ ጠቅልላ በመስኮቱ ጠርዝ ካለ ስንጥቅ ውስጥ ትወትፈዋለች። ከዚያ አምስት ጥቅል እንድትሰጠኝ ስጠይቃት ዓይኗን አጥብባ አየችኝ።

«ለየትኛው ጠንቋይ ነው?»

«ለራሴ ነው።»

«አንተማ ከጠንቋይም ትብሳለህ። አምስት ቆጥሬ ሰጥቼሃለሁ፣ አምስት ቆጥሬ እቀበልሃለሁ።»

ጥቅሎቹን ቀለም ቀብቼ አምስት ብርጭቆ ውስጥ ከፋፈልኳቸው። አንዱ ሙቅ ውሃና ሻምፑ፣ አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፣ አንዱ ስኳር የሌለው ሻይ፣ አንዱ የጥብስ ቅጠል የተፈላበት ውሃ፣ አንዱ አቼቶ ጠብ የተደረገበት ውሃ ነበር። በየቀኑ አምስት አምስት ደቂቃ ነክሬ እያወጣሁ መስኮቱ ላይ አደርቃቸው ነበር። ሙቁ ውሃ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠቆረ። ሻይው ነጩን ጸጉር ትንሽ አጠየመው፣ ፎጣውን ግን አብሮ አጠየመው። የጥብስ ቅጠሉ ከሽታው በቀር ምንም አላመጣም። ቀለሙን ከሁሉም በላይ ያቆየው ቀዝቃዛው ውሃ ነው፤ አቼቶው ደግሞ ወዝ ሰጠው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አምስቱንም ጥቅል ለእናቴ መለስኩላት። እውነትም ቆጠረቻቸው።

ከዚያ በኋላ ሥርዓት አበጀን። በስምንት ቀን አንድ ጊዜ፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ሻምፑው ሥሩ ላይ ብቻ፣ ጫፉን ሳላሽ። መጨረሻ ላይ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ አቼቶ። በመጀመሪያው ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረችኝ።

«አንዱን ልጅ ሳስተኛው 'እቴቴ፣ ሰላጣ ሰላጣ ትሸቻለሽ' አይለኝም?»

«ምን አልሽው?»

«'ሰላጣህን ስላልበላህ ነው የተከተለህ' አልኩታ።»

አቼቶውን ወደ ግማሽ ማንኪያ አወረድኩት።

በዚህ መሀል መዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤት ቀየረ። አዲሷ ርዕሰ መምህርት ሞግዚቶቹን አንድ በአንድ እየጠራች ማነጋገር ጀመረች። ከእናቴ ጋር ለዓመታት የሠሩ ሁለት ሴቶች «አሁን ይረፉ» ተብለው ተሰናበቱ። ሁለቱም ሽበታም ነበሩ። እናቴ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ያለ ሥራ አንድ ወር እንኳ ቤት ተቀምጣ አይቻት አላውቅም፤ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ እንኳ የጎረቤት ልጅ ተቀብላ ትውላለች። የእሷ ተራ ሰኞ ሆነ። እሑድ ጸጉሯን እንድንቀባ ተስማማን።

የውሃ ፈረቃችን ረቡዕና እሑድ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቧንቧው መተንፈስ ሲጀምር ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግሁ፤ አዲሱ ውሃ በአሮጌው ላይ እንዳይጨመር በበርሜሉ የቀረውን ደፋሁና ውስጡን ፈግፍጌ አጠብኩት። ከዚያ ቀለሙን በጠብኩ፣ ቀባኋት፣ የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ለሠላሳ ደቂቃ ሞላሁት። ጸጉሯን በሚሊ ሜትር የምከፋፍል ሰው ሆኜ ሳለ ውሃው መምጣቱን ግን በዓይኔ አላየሁም። ድምፁን ብቻ አምኜ ነበር።

በሃያኛው ደቂቃ ቧንቧውን ከፈትኩት። አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ።

«መጣ?» አለች እናቴ፣ በርጩማው ላይ አጎንብሳ እንደተቀመጠች።

«እየመጣ ነው።»

በሃያ ስምንተኛው ደቂቃ «ጭንቅላቴን እየለበለበኝ ነው» አለች።

ወጥ ቤት ገባሁ። ድስቱም ማንቆርቆሪያውም ባዶ ነበር። መደርደሪያው ላይ፣ ንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነባት ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን አለች፤ እናቴ ከሀና ማርያም የቀዳችው ጸበል ነው። ቆሜ አየኋት። እናቴ መታጠቢያ ቤት ካጎነበሰችበት ቀና ሳትል፣ እርምጃዬ መቆሙን ሰምታ ምን እያየሁ እንደሆነ አወቀች።

«እሷን እንዳትነካት።»

«እማ፣ ቆዳሽ ይቆስላል።»

«ይቁሰል። ሽበቴን ልደብቅበት ብዬ አይደለም የቀዳሁት።»

ደረጃውን ወርጄ ወደ ሱቅ ሮጥኩ። ሕንጻው ሁሉ ውሃ ሲጠብቅ ስለዋለ የታሸገ ውሃ አልቋል። ስመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጎረቤታችንን በር አንኳኳሁ። በዕድሜ ከእናቴ እምብዛም የማታንስ፣ ከሐዋሳ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ገና ከቸርች መመለሷ ነበር።

«ውሃ ካለሽ…» አልኩና ቆምኩ። የእናቴን ምስጢር በር ላይ ቆሜ መናገር አልቻልኩም።

በቀለም የጠቆሩ ጣቶቼን አየች። «ስንት ደቂቃ ሆናት?»

«ሠላሳ አራት።»

ለልጅ ልጇ ወተት መበጥበጫ ያስቀመጠቻቸውን ሦስት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙሶች ይዛ ራሷ ወጣች። እናቴ ስታያት ፎጣውን ወደ ግንባሯ ልትስብ ሞከረች። ጎረቤታችን እንዳላየ ሰው በተከፈተው በር ወደሚታየው የወጥ ቤት መደርደሪያ ዞረች።

«ጀሪካን ሙሉ ውሃ እያለሽ ነው እንዴ የምትቃጠዪው?»

«ጸበል ነው።»

«አወቅሁ። እኔ ብሆን እስካሁን ደፍቼው ነበር።»

«አንቺማ ምን ገዶሽ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ የእናቴ ሳቅ ግማሹ የመለብለቡ ነበር።

መጀመሪያ ቀለሙን በአሮጌ ቲሸርት ከሥር ወደ ጫፍ ጠረግሁት። ከዚያ የጠርሙሱን ክዳን በመርፌ በሳሁና ውሃውን እንደ ክር እያቀጠንኩ አፈሰስኩ፤ ጎረቤታችን ደግሞ በጣቷ ጸጉሩን ትከፍትልኝ ነበር። የመጀመሪያው ሊትር እንደ ቀለም ጠቁሮ ወረደ። ሁለተኛው ጥቁር ሻይ መሰለ። ሦስተኛው ሲያልቅም ውሃው ግራጫ እንጂ ጥርት ያለ አልነበረም። እንዳልለቀቀ አውቄያለሁ፤ የምጨምረው ግን አልነበረኝም። ቆዳዋ ቀልቷል፣ አልቆሰለም። በሻሽ አሰርንላት።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ጀሪካኗ ፊት ቆመች። ከባድ ቀን ሲኖርባት እንደምታደርገው በመዳፏ ጥቂት ጸበል ቀድታ ግንባሯን አራሰች። ከጸጉሯ መነሻ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር በጆሮ ግንዷ ወርዳ ነጠላው ላይ ጠብ አለች። ነጥቧ ምስር ታክላለች። ሁለታችንም በግድግዳው መስታወት ውስጥ አየናት።

«ቆይ፣ በጨርቅ…» አልኩ።

«ተወው።» ግንባሯን ጠረገች፣ መዳፏን አየችው፣ ነጠላዋን አጥፋ ነጥቧን ወደ ውስጥ አስገባቻትና ወጣች።

የዚያን ቀን አንድ ስልክ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጠምኩ። ከሰዓት በኋላ ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ፋይሌ ርዕሰ መምህርቷ ፊት ተከፍቷል» አለች። «'ሃምሳ ስምንት ነዎት' አለችኝ። የልደት ዘመኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ እዚያው ተጽፎ ኖሯል። ጸጉሬን ቀና ብላም አላየችው።»

«ከዚያስ?»

«'ቀኝ እጅዎን እስቲ ያንሱ' አለችኝ።»

ጸጉሯን የማጥብላት ያ ክንድ ስለማይነሳ ነበር። ለሽበቱ አምስት ብርጭቆ ደርድሬ ሁለት ሳምንት ሳጠና፣ ለክንዷ አንድ ቀን እንኳ የት ድረስ እንደሚሄድ አልጠየቅኋትም።

«ሕፃን የሚያነሳ እጅ ያስፈልገኛል አለች፤ እውነቷን ነው። ከታናናሾቹ ክፍል አወጣችኝ። እስከ ሰኔ ግማሽ ቀን ብቻ ማስተኛ ክፍል እሠራለሁ። ከዚያ በኋላ እንደ ክንዴ ነው።»

ረቡዕ ውሃው በእርግጥ መጣ። መጀመሪያ የጎረቤታችንን ሦስት ጠርሙሶች ሞልቼ አወረድኩላት። ከዚያ የእናቴን ጸጉር የሚወርደው ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ አጠብኩት።

«ከእንግዲህ እንቀባዋለን?» አልኳት። «ዕድሜሽን ያውቃሉ እኮ።»

«ሰላጣ የሚለኝ ልጅ ግን ዕድሜዬን አያውቅም» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «እኔ ራሴን የማይበት መስታወትም አለ» አለች።

ፎጣውን ጠመጠምኩላትና ግድግዳው አጠገብ እንድትቆም ጠየቅኋት። አላንገራገረችም። ቀኝ ክንዷን በሴራሚኩ ላይ እያንሸራተተች አነሳች፤ አምስተኛው ሴራሚክ መሀል ላይ ፊቷ ተኮማተረና ቆመች። ጣቷ የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት።

«ነገ ደግሞ» አልኳት።