በለቅሶ ላይ የወጣ እልልታ

ሸዋዬን አልወዳትም ነበር። ይህን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ድምጿ ያስጠላኛል፤ አረማመዷ ያስጠላኛል። በወር አንድ ዓርብ ከአል ዐይን ሁለት ሰዓት በታክሲ ተጉዛ አቡዳቢ ስትደርስ፣ ከሁላችን ቀድማ ከፊት መቆሟ ደግሞ ደሜን ያፈላው ነበር። የወልድያ ልጅ ናት። እዚያው አል ዐይን፣ አል ሂሊ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ የአሠሪዋን ሦስት ልጆች ታሳድጋለች፤ ታጥባለች፤ ትተኩሳለች። እኔ ባንቺአየሁ ግን አቡዳቢ ካራማ ሰፈር ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ የማነሣ፣ በቢሮ ሠራተኛነት የመኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማ፣ ያለኝ፣ እንግሊዝኛ የምጽፍ ሰው ነኝ። ሰው መቼም ለሰው መናቂያ አያጣም።

በ1988 ዓ.ም. የራሳችን የምንለው የጸሎት ቦታ አልነበረንም። የሌላ አገር ክርስቲያኖች ከግቢያቸው ጥግ ያለችውን አዳራሽ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለቀቁልን። እሑድ ሥራ ስለሆነ ሰንበታችን ዓርብ ሆኗል። ሲሰጡን ታዲያ ከነትእዛዙ ነው፦ ከበሮ የለም፤ ጭብጨባ የለም፤ እልልታ የለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይኸ ነው። የስምምነቱን ወረቀት በእንግሊዝኛ የጻፍኩት እኔ፣ የፈረመው የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ጋሽ ደበበ ነው። ወረቀቱ ሲነበብ ሸዋዬ፣ «ጋሽ ደበበ፣ እልል የማይባልበት መዝሙር ምኑን መዝሙር ሆነ?» አለች። ሰው ሁሉ ሰማት።

በዚያ ዓመት ከተራ ዓርብ ዋለ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሸዋዬ አጠገቤ ቆማለች። ከኋላ አንዲት ሴት ያደግኩበት ደብር ታቦት ሲወጣ የሚዘመረውን መዝሙር አነሣችው። ስድስት ዓመት አልሰማሁትም ነበር። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም፤ እልል አልኩ። እኔ! ወረቀቱን የጻፍኩት እኔው ራሴ! ነጠላዬን አፌ ላይ ብጭንም የወጣው ወጥቷል።

ከግድግዳው ማዶ ለካ ባለቤቶቹ የቀብር ጸሎት ላይ ነበሩ። በሩ ተበረገደ። ጥቁር የለበሰ ሽማግሌ ገባና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ልጄን እየሸኘሁ ነው።» ለሰዎቻችን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። አዳራሹ በዚያው ቀን ተቆለፈብን።

እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ሽማግሌው በዕንባ እያየን፣ ጋሽ ደበበ «ማናት?» ብሎ ጮኸ። ዓይን ሁሉ ሸዋዬ ላይ አረፈ። እሷ ዓይኗን ከሽማግሌው አልነቀለችም። አጠገቧ ቆሜ ስለነበር እኔን ጠየቁኝ። «ድምፁ ከወደ ሸዋዬ ነው የመጣው» አልኩ። ይህችን ቃሌን መቃብር ድረስ ይዣት እሄዳለሁ። «ሁለተኛ እዚህ እንዳትደርሺ» አሏት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዚያ በኋላማ ይብስ ጠላኋት፤ የበደሉትን ሰው መጥላት ይቀላል።

አሥር ወር ከአንዱ የኪራይ ቤት ወደ ሌላው፣ ከፍላት ፍላት ተንከራተትን። ዘበኛ ያባርረናል፤ ጎረቤት ያስፈራራናል፤ መዝሙሩም ሹክሹክታ ሆነ። በዚህ መሀል ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ከአገር ቤት መጥተው ሊቀድሱልን ሆነ። የሚቀደስበት ቦታ ግን የለም። የሸዋዬ ወሬ የደረሰን ያኔ ነው። የማዳሟን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያመላልሰው ሹፌር ሕንዳዊ ክርስቲያን ኖሯል። እሱን ለምና፣ አል ዐይን ያለውን ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ በወር በምታገኛት በዚያችው አንዲት ዓርብ ስትወለውል ከረመች። በስምንተኛው ወር ቁልፍ ሰጧት። እዚያው አል ዐይን፣ የአል ኸቢሲ ሰፈር የእኛ አገር ሴቶችም አብረዋት ይጸልዩ ጀመር። ለሕንዶቹ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ሸዋዬ ከፈቀደች እኛም ፈቅደናል» ብለው መለሱ። እሷም በሹፌሩ በኩል «ይምጡ» አለች።

ሄድን። ሸዋዬ ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ልቆርብ ጾሜ ነበር የመጣሁት፤ የበደሉትን ሳይታረቁ ደግሞ መቁረብ የለም። ጫማዬን አውልቄ እግሯ ላይ ወደቅሁ።

«ሸዋዬ፣ ያኔ እልል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ጆሮዬ ሥር እኮ ነው ያልሽው። ኸላስ፣ በቃ ተነሽ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሰውዬው ልጁ ሞቶበት ቆሞ እያየን፣ እኔ ካንቺ ጋር ልካሰስ? አፈርኩ። እነሱም ቢሆኑ ተሳስተው ነው፤ አንድ ቀን ይገባቸዋል ብዬ ተውኩት። አሁን ንገሪያቸው።»

መንገር አላስፈለገኝም፤ ጋሽ ደበበና ሰዎቻችን ከኋላዬ ቆመው ሰምተዋል። አንድም የደነገጠ ሰው አላየሁም። እኔን ያስደነገጠኝ ይኸው ነው። ጋሽ ደበበ መሬት መሬት እያየ፣

«ባንቺአየሁ፣ እሱንማ ያኔም አውቀናል» አለ። «አንቺን ብናባርር ደብዳቤውን ማን ይጽፍልን ነበር?»

«ታውቁ ነበር?» አለች ሸዋዬ፣ ቀስ ብላ።

ጋሽ ደበበ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እሷም በሩን ከፈተችው።

«ቄሶቹ ቆመው እየጠበቁ ነው፤ ግቡ።»

ገባን። ምን እናድርግ፣ ሌላ ቦታ የለንማ። እሷ በወለወለችው ቤት እኛ ነጠላችንን አጣፍተን ቆምን፤ እሷ ደጅ ቀረች። ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ግራና ቀኝ እጅ ተነሣሣን። ወደ በሩ የዞረ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም አልዞርኩም።