ከብረቱ አይተሃል?

አጎቴ ለዩኒቨርሲቲ የሚገቡ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን የጉምሩክ ወረቀት በማስጨረስ የኖሩ ሰው ነበሩ። እኔም ሥራውን የለመድሁት ከእሳቸው አጠገብ ቆሜ እንጂ ተምሬው አይደለም። ሣጥኑን ሳያስከፍቱ አይፈርሙም። እኔ መለያ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ እሳቸው ተንበርክከው ከመሣሪያው ብረት ላይ እያዩ ይመልሱልኛል። አንድ ቀን አንዲት አኃዝ ተለየች።

«ጋሼ፣ መምህራኑ እየጠበቁ ነው። ይቺን ማን ያያታል?» አልኋቸው።

«እኔ አየኋት እኮ! ምን ልሁን?» አሉና ወረቀቱን ሳይፈርሙ መለሱት።

ታመው ፍኖተ ሰላም ቤታቸው በተኙ ጊዜ፣ ቡሬ ላቦራቶሪ ለሚገባው ማይክሮስኮፕ የፈረምሁት እኔ ነበርሁ። ልጠይቃቸው ስገባ ገና ሰላም ሳልላቸው «ከብረቱ አይተሃል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አይቻለሁ።»

አላየሁም ነበር፤ ሣጥኑ እንደታሸገ ነው የፈረምሁት። «ጎሽ!» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሳምንቱ ቀበርናቸው።

ልጆቼን ሲዋሹ የምቀጣ አባት ነኝ። አርባቸው እስኪወጣ መቀመጥም መቆምም ተስኖኝ ሰነበትሁ። ዛሬ ወረቀቱን ይዤ ቡሬ ላቦራቶሪው ድረስ ሄድሁ። ማይክሮስኮፑ ሥር ተንበርክኬ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ የሚመልስልኝ አልነበረም። ራሴው ከብረቱ አየሁት።

ቁጥሩ ልክ ነው። ለእሳቸው ያልኋቸው «አዎ» ግን ዛሬም ውሸት ነው።