የሎጊያው መካኒክ እና የደረቱ ውሃ

ከሎጊያ የመጣው መካኒክ ሰመራ ባለ አንድ ሕክምና ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ሽርጡን ሰብስቦ ተቀምጧል። ለዛሬ ብሎ እጁን ደጋግሞ ቢታጠብም ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ አልለቀቀም። የምርመራውን ወረቀት ላለፈ ላገደመው ሁሉ ያሳያል።

«ከሳንባዬ ዙሪያ ውሃ ቀድተው አዩ፤ ካንሰር አልተገኘበትም፣ አልሐምዱሊላህ! አሁን ደግሞ ሳንባዬ ላይ ካለው እብጠት ሥጋ ቆንጥረን ካላየን ይላሉ። ዶክተር መቼ ጠግቦ ያውቃል!»

ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። መሐረቡን ከአፉ አንሥቶ አየት አደረገና ቶሎ አጠፈው።

ይኸው ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ በጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች ላይ ሲያላግጥ ኖሯል። ዘይቱን አይቶ «ንጹሕ ነው፣ ሞተሩ አይከፈት» ያለውን ሁሉ «አንተ ፈሪ! ዘይት ምን ያውቃል?» ይለዋል።

የሹፌር ሚስት የሆነችው ነርስ ኸሊዳ ይህን ሰምታ ጠጋ አለችው።

«ጋሼ፣ የባሌ መኪና ስታንኳኳ ዘይቷ ንጹሕ ነበር። እርስዎ ግን ‹ፈሪ› ብለው ሰድበውት ከፈቱና ስንጥቁን አገኙ።»

«እሱ ሞተር ነው!»

«ይሄስ የሚያንኳኳው?» አለች፣ ደረቱን በዓይኗ እያመለከተች። «ውሃው ውስጥ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። ሥጋው ነው የሚናገረው።»

መካኒኩ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እኔ ሞተር ስከፍት ባለቤቱን ከጋራዡ አስወጣዋለሁ፣ አይቶ እንዳይደነግጥ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔን የት ታስወጡኛላችሁ?»

ሽርጡን አጠበቀና «ቢስሚላህ» ብሎ ሥጋው ወደሚቆነጠርበት ክፍል ተከተላት።